መልስ፦ የኪንግስ ኮሌጅ ጸሎት ቤት ለመግባት ተማሪ መሆን ግድ ነው?

ግድ አይደለም። ካምብሪጅ ባለው የኪንግስ ኮሌጅ የማታ ጸሎት ላይ ለመገኘት ተማሪም አንግሊካንም (የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ) መሆን አይጠበቅብሽም። የሚያስከፍሉት ለጉብኝት ነው፤ ጸሎቱ ነጻ ነው። በር ላይ "ለጸሎት ነው የመጣሁት" በያቸው፣ በቃ።

ኦርቶዶክስ ስለሆንሽ አትጨነቂ። በማታው ጸሎት ቁርባን የለም። አብዛኛውን መዘምራኑ ናቸው የሚዘምሩት፤ ዝም ብለሽ ብታዳምጪም ማንም ቀና ብሎ አያይሽም።

ታሪኩን ደግሞ ጠይቀሻል። መሠረቱን ያስጣለው ንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ነው፣ በ1446 እ.ኤ.አ.። ከዚያ የዙፋን ጦርነት መጣ፤ ሥራው ሲቆም ሲቀጥል የድንጋዩ ጣሪያ ያለቀው በ1515 ነው። ስትቀመጪ ቀና በይና እይው። ድንጋዩ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ዳንቴል ነው የሚመስለው (እኔ አንገቴን አሞኝ ነበር)። በሬዲዮ የምትሰሚው የገና ዋዜማ ዝማሬም ከ1918 ጀምሮ እዚሁ የሚደረገው ነው።

አንድ ነገር ግን፦ መጀመሪያ የኮሌጁን ካላንደር እይ። እኔ በነሐሴ ከለንደን ድረስ እንግዳ ይዤ ሄድኩ። መዘምራኑ ለካ እረፍት ላይ ናቸው! ትምህርት ባለበት ወቅት ሂጂ፣ ቀደም ብለሽም ተሰለፊ።