ፒተርን ሸረሪቷ ስንቴ ትንከሰው? ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

እሺ የሐዋሳ ፊልም ወዳጆች፣ የዛሬው ጉዳይ ሱፐርሂሮ ነው። ተዋናዩ ተቀይሮ ታሪኩ እንደ አዲስ ሲጀመር፣ ጀግናው ኃይሉን እንዴት እንዳገኘ የግድ ደግመው ሊነግሩን ይገባል ወይ? ጠይቁኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአቶቴ)፦ ስፓይደርማን ሰለቸኝ። ሁሌ ፒተርን ሸረሪት ነክሳው ስፓይደርማን ይሆናል፣ ሁሌ አጎቱ ቤን ይሞታል።

መልስ፦ ሁሌ እንኳን አይደለም ወንድሜ። በ2002 በቶቢ ማጉዌር አየነው። በ2012 አንድሩ ጋርፊልድ ሲመጣ ያንኑ ደገሙት፣ ገና በ10 ዓመቱ፣ ማንም ሳይረሳው። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ጋርፊልድና ኤማ ስቶን አብረው ሲሆኑ ፊልሙ ነፍስ ይዘራል፣ ያ ሁሉ ሰዓት ግን የምናውቀውን ለማሳየት ሄደ። ቶም ሆላንድ በ2016 በካፒቴን አሜሪካ ፊልም መሃል ነው ብቅ ያለው። ሸረሪትም የለ፣ ለቅሶም የለ። መኝታ ቤቱ ከቶኒ ስታርክ (አይረን ማን) ጋር ተቀምጦ፣ መርዳት እየቻልክ ዝም ካልክ ጥፋቱ ያንተ ነው የሚል ነገር ይናገራል። የአጎቱን ስም አያነሳም። ፊቱን ስታየው ግን ይገባሃል። የሚያስፈልገው ቁስሉ ነው፣ ንክሻው አይደለም።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ እኛ ፊልም በፍላሽ ነው የምናስጭነው፣ ቅደም ተከተል የለውም። ታናሽ ወንድሜ የጀመረው ከ2017ቱ ስፓይደርማን ነው። መነሻውን ካልነገሩት እንዴት ይገባዋል?

መልስ፦ ገብቶታል እኮ፣ ጠይቂው። ልጅ ግድግዳ የሚወጣ ሰው ሲያይ ወዲያው ይቀበላል፤ የሚጠይቀው ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ነው። ለማያውቀውም አጭር መንገድ አለ። የ2008ቱ ሃልክ መነሻውን የተዋንያን ስም እያለፈ ጨርሶታል። የ2025ቱ ሱፐርማን በጥቂት መስመር ጽሑፍ ይጀምርና ሰውዬው ተሸንፎ በረዶ ላይ ሲወድቅ ያሳየናል። በቃ፣ ገባን።

ጥያቄ፦ ባትማንስ?

መልስ፦ እሱ ላይማ በዝቷል። የወላጆቹን ግድያ በ1989፣ በ2005፣ በ2016፣ የባትማን ጠላት በሆነው በጆከር የ2019 ፊልም ላይ ሳይቀር አይተናል። ኮሚኩ ራሱ በ1939 ሲወጣ ያለ መነሻ ነው የጀመረው፤ ከወራት በኋላ በሁለት ገጽ ተረኩትና ጨረሱ። በ2022 ዳይሬክተሩ ማት ሪቭስ ግድያውን ዘለለው። በምትኩ አባቱ የተገደለበት የከንቲባ ልጅ አለ፣ ብሩስ፣ ማለትም ባትማን፣ ያንን ልጅ ቆሞ ያየዋል፣ ምንም አይልም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። የ2005ቱን ግን አትንኩብኝ። ሥልጠናውን፣ ፍርሃቱን፣ ልብሱን ከየት እንዳመጣው በፊልም እንዲህ በዝርዝር ያሳየን አልነበረም። አዲስ ነገር ካለህ ንገረን፣ ሦስት ሰዓትም ቢሆን እናያለን።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ ለልጄ በየትኛው ልጀምርለት?

መልስ፦ እትዬ፣ በ2018ቱ የስፓይደርማን አኒሜሽን፣ በማይልስ ሞራሌስ ይጀምሩለት። ኦስካርም አግኝቷል። ማይልስ አዲስ ልጅ ስለሆነ መነሻው በሙሉ ይነገራል፣ የሌሎቹን ስፓይደሮች ግን በፍጥነት ነው የሚያልፉት፣ ልክ መሆን እንዳለበት። አባትየው ከበር ውጭ ቆሞ የሚያናግርበት ቦታ አለ፣ ልጁ አፉ ታሽጎ መመለስ አይችልም። እሱን አያምልጥዎ። አጎትየው የሚሞትበትም ክፍል ስላለ፣ ልጅዎ ትንሽ ከሆነ አብረውት ይዩ።