ቋሚ ሥራዬን ልልቀቅ?

ጥያቄ፦ በአንድ ጤና ጣቢያ የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ። ማስተርሴንም እየተማርኩ ነው፤ የመመረቂያ ርዕስ ግን ገና አልመረጥኩም። ታካሚዎቻችን መድኃኒት ጀምረው ከጥቂት ወራት በኋላ ይጠፋሉ። ይህን አጥንቼ አሠራሩን ማስተካከል እፈልጋለሁ። ለዚህ ማን ገንዘብ ይሰጣል? ሥራዬን ለቅቄ ፕሮጀክት ልግባ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብ የሚሰጥ አለ። ያለው ሕክምና ሰው ዘንድ እንዴት ይድረስ የሚለው ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ፕራይም የተባለው፣ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያዎች የሚያደርስ ፕሮግራም በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ በአምስት አገሮች ተሠርቷል። የኢትዮጵያው ቦታ ጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ ነበር። ቡታጅራ አካባቢ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ አጭር ጥያቄ ይዞ ተነሣ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ክትትሉን በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ከጠቅላላ ጤና ሠራተኞች ቢያገኝ፣ የሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጡት ያንስበታል? እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንደማያንስ አሳየ። ወጪውን የሸፈነው የአሜሪካው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

ያንቺ ጥያቄ ግን ገና ሰፊ ነው። «ታካሚ ይጠፋል» በሚል ብቻ ፕሮፖዛል አይጻፍም። ከጤና ጣቢያው ደብዳቤ፣ ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያዢና የቀጠሮ መዝገቡን ክፈቺ። የጠፉት ከስንተኛው ቀጠሮ በኋላ ነው? ከየትኛው ቀበሌ? በዚያ ወር መድኃኒት ነበር? አንዱ «አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ና» ተብሎ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጣበት የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣ ነው። ሌላዋ ፀበል ገብታ ይሆናል። ሌላው ተሽሎት፣ ከእንግዲህ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል ብሎ ያቆመ ነው። የሦስቱም መፍትሔ ለየቅል ነው። አንዱን ምረጪና የመመረቂያ ጽሑፍሽ አድርጊው። ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግሽም፤ መዝገቡ እጅሽ ላይ ነው። ብዙ ተመራማሪ ይህን ዕድል አያገኝም።

ትልቁን የምርምር ገንዘብ (ግራንት) ብቻሽን አትወዳደሪበት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል በዚህ ጉዳይ ዓመታት የቆዩ ተመራማሪዎች አሉ። የመዝገቡን ውጤት በአንድ ገጽ ጽፈሽ አሳያቸው፤ በተባባሪ ተመራማሪነት እንድትገቢም ጠይቂ።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። የፕሮጀክት ደመወዝ ያጓጓል፣ ግን የገንዘብ ሰጪው ፖሊሲ ሲለወጥ ኮንትራቱም አብሮ ይቋረጣል። ጥሩ ቦታ ከተገኘ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ። ከመፈረምሽ በፊት ግን መረጃውን እኔም እተነትናለሁ ወይ፣ ጽሑፉ ላይ ስሜ ይገባል ወይ በያቸው። መጠይቅ ማስሞላት ብቻ ከሆነ ይቅርብሽ።

የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊንም ከመጀመሪያው አነጋግሪ። የጥናቱ ገንዘብ ሲያልቅ አገልግሎቱን የሚያስቀጥለው እሱ ነው።