«ገባችሁ?» ሲባል ታይላንዳዊ ተማሪ የሚሰጠው መልስ

ጠያቂዋ እህታችን ያነሡት ጉዳይ ሁለት ነው፤ ታይላንድ ሄዶ እንግሊዝኛ ለማስተማር የ4 ሳምንቱን የእንግሊዝኛ መምህርነት ሥልጠና በአካል መውሰድ ይሻላል ወይስ በኢንተርኔት፣ ባህሉስ ለእኛ ሰው ይከብዳል ወይ የሚል ነው። ሥልጠናውን ቺያንግ ማይ በምትባል የታይላንድ ከተማ ወስጄ እዚያው ሁለት ዓመት ስላስተማርኩ፣ ያየሁትን ልመልስልዎት።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ላስቀድም። የመጀመሪያ ዲግሪ ግድ ነው፤ ሥልጠናው አይተካውም። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ስላልሆነ ብዙ ትምህርት ቤቶች ቶይክ ወይም አይልትስ የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎች ውጤት ይጠይቁናል፤ ለቶይክ በብዛት የሚፈለገው 600 ነው። በቱሪስት ቪዛ ማስተማር ሕገ ወጥ ስለሆነ፣ «ግቢና ቪዛውን በኋላ እናስተካክላለን» ከሚል ቀጣሪ ይራቁ፤ እኔ ይህን ቃል አምኜ ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ።

ሥልጠናውን ግን በአካል እንዲወስዱት አጥብቄ እመክራለሁ። የ120 ሰዓት የምስክር ወረቀት በኢንተርኔትም ይገኛል፤ በኢንተርኔት የማይገኘው፣ አሠልጣኝ ከኋላ ተቀምጦ እያየ እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆሞ ማስተማር ነው። ለምሳሌ ሴልታ የሚባለው የእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና ለዚህ 6 ሰዓት መድቧል። ጥቅሙ የገባኝ በ3ኛው ሳምንት ነበር። ወደ 40 ለሚጠጉ የ5ኛ ክፍል ልጆች ያለፈ ጊዜ ግሥ ሳስተምር በየመካከሉ «ገባችሁ?» እላለሁ፤ ክፍሉም በአንድ ድምፅ «የስ፣ ቲቸር!» ይላል። ደስ ብሎኝ በወንበሮቹ መካከል ስዘዋወር፣ ሰሌዳው እንዳለ ደብተሮቹ ላይ ተገልብጧል፤ ያሰመርኩበት በቀይ ተሰምሯል፤ ተሳስቼ የሰረዝኩት ቃል እንኳ ከነስርዙ ሰፍሯል። ከራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ልጅ ግን አልነበረም። አሠልጣኟ በሰጠችኝ አስተያየት ላይ «ገባችሁ?» ያልኩት 11 ጊዜ እንደሆነ ቆጥራ ጽፋለች።

ታይላንዳውያን «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ጠባይ አለ፤ ሌሎች የውጭ አገር መምህራን ምን ብለው እንደሚተረጉሙት ሲቸገሩ፣ ለእኛ ግን ይሉኝታ የሚለው ቃል በጣም ይቀርበዋል። ልጁ «አልገባኝም» ካለ መምህሩን በሰው ፊት ማሳፈር ይመስለዋል፤ ስለዚህ አዎ ማለቱ አክብሮት እንጂ ውሸት አይደለም። እኔም በልጅነቴ መምህሮቼ ፊት የማደርገው ይህንኑ ነበር። በሚቀጥለው ትምህርት ጥያቄውን ለወጥኩ። «ትናንት ኳስ ተጫወትኩ» ብዬ ጽፌ «አሁን እየተጫወትኩ ነው?» ስል፣ ያለፈ ከሆነ በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ ያሳያሉ። ከዚያም መልሳቸውን ከመናገራቸው በፊት ለ2 ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይመካከራሉ፤ መልሱ የሁለት ሰው ስለሚሆን ብቻውን የሚያፍር አይኖርም። ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት አንዲት የመጨረሻ ረድፍ ተማሪ በዚያ ቀን ተነሥታ «ትናንት ከአያቴ ጋር ዓሣ ጠበስን» አለች።

በድምፅ በኩል፣ ቋንቋቸው በቃል መጨረሻ ላይ «ስ» እና «ል» ስለሌለው ሃውስን «ሃው»፣ ፉትቦልን «ፉትቦን» ይላሉ። እኛም እንግሊዝኛን ተምረን ያወቅን ስለሆንን ትዕግሥቱ አይጠፋብንም፤ ይህን በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ሳይፈሩ ይናገሩት።

ባህሉ ከጠበቅሁት በላይ ቅርብ ነው። እጅ አጋጥሞ ጎንበስ የሚባልበት ሰላምታ፣ ታላቅን ማክበርና በር ላይ ጫማ ማውለቅ አያስቸግሩዎትም። ከምሽቱ 1 ሰዓትን እንኳ እንደ እኛው «አንድ» ብለው ይቆጥራሉ፤ ይህን ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። የሚለየው ሌላ ነው። እኛ ጎበዝ ልጅን ራሱን ዳበስ እናደርጋለን፤ እዚያ ራስ እጅግ የተከበረ የሰውነት ክፍል ስለሆነ እጅዎን ይሰብስቡ። እግርዎን ወደ ሰው ወይም ወደ ቡድሃ ምስል አይዘርጉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ባሉበት ይቁሙ፤ ንጉሣዊውን ቤተሰብ መንቀፍ ደግሞ በእስር ያስቀጣል። ከሁሉም በላይ ለእኔ የከበደኝ ድምፄን ዝቅ ማድረግ ነው፤ በክፍል ውስጥ የተቆጣ መምህር ተማሪዎቹ ፊት ክብሩን ያጣል፤ ልጆቹም ለቀናት ዝም ይሉታል።

የትምህርት ዘመኑ በግንቦት መጀመሪያ ገደማ ስለሚከፈት ሥልጠናውን በየካቲት ወይም በመጋቢት ይጨርሱት። በሚያዝያ መጀመሪያ ሶንግክራን የሚባለው የታይላንድ አዲስ ዓመት በዓል ሲደርስ መሥሪያ ቤቶች ስለሚዘጉ፣ የሰነድ ጉዳይዎን ለዚያ ሳምንት አያቆዩት።