73 ካሸነፈ፣ 94 ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ባለው ፑል ቤታችን ክርክር ተነሥቷል። በ1952 እ.ኤ.አ. የዓለም ስኑከር (ኳስ በዱላ የሚመታበት የጠረጴዛ ጨዋታ) ፍጻሜ ሆራስ ሊንድረም ክላርክ ማኮናኪን 94 ለ49 አሸነፈ ይባላል። ግጥሚያው 145 ፍሬም (ፍሬም አንድ ሙሉ ዙር ነው) ከነበረ 73 ያገኘ አሸንፎ የለ? ድሉንስ እውነተኛ የማይሉት ለምንድን ነው? እኛም ለፋሲካ ረጅም ግጥሚያ ስላሰብን እንደነሱ እንጫወት ወይ?

መልስ፦ ስሌታችሁ ልክ ነው፤ ሊንድረም ያሸነፈው 73 ለ37 ላይ ነው። በዚያ ዘመን ግን ፍጻሜው ሁለት ሳምንት ይፈጅ ነበር፤ ከሰዓት 6፣ ማታ 6 ፍሬም እየተባለ። ተመልካቹ በየዕለቱ ከፍሎ ስለሚገባ፣ አሸናፊው ቢለይም የቀረውን ይጫወቱት ነበር፤ 94 እና 49 ሲደመር 143 ነው፣ ከ145ቱ የጎደለው ሁለት ብቻ። በ1947ም ዋልተር ዶናልድሰን ፍሬድ ዴቪስን የረታው 82 ለ63 ነው፤ ደምሩት፣ 145 ይመጣል።

ክርክሩ ያለው ተጋጣሚዎቹ ላይ ነው። ባለሙያ ተጫዋቾቹ ከእንግሊዙ የቢሊያርድ ማኅበር ጋር በገንዘብ ክፍፍል ተጣልተው የራሳቸውን ሻምፒዮና አቋቋሙ። የማኅበሩ ውድድር ላይ የቀረቡት ሁለቱ ብቻ፣ አውስትራሊያዊው ሊንድረምና ኒውዚላንዳዊው ማኮናኪ ነበሩ። ተጫዋቾቹ ባቋቋሙት ሻምፒዮና ፍጻሜ ፍሬድ ዴቪስ ዶናልድሰንን 38 ለ35 አሸነፈ። የሊንድረም ስም ከዝርዝሩ መፋቅ የለበትም፤ ሕጋዊውን ውድድር ተጫውቶ አሸንፏል። የዓመቱ ብርቱ ፉክክር ግን ያለጥርጥር የዴቪስና የዶናልድሰን ነው።

የእናንተን በተመለከተ፦ መግቢያ ካላስከፈላችሁ አሸናፊው እንደተለየ አቁሙ። ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፤ 25 ብትሉ 13 የደረሰ ያሸንፋል። በሦስት ቀን 8፣ 8 እና 9 አድርጋችሁ ክፈሉት። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ድምሩ ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ በማግስቱ «ትናንት ስንት ነበርን?» የሚል ጠብ የሚነሣው ይህ ሲቀር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው አቧራ ነው። ቤቱ በኮረኮንች መንገድ ዳር ከሆነ፣ በቀስታ የተመታች ኳስ መጨረሻ ላይ መስመሯን ትስታለች፤ ተጫዋቹም ጠረጴዛው ዘመመ ይላል። ስለዚህ ከየዕለቱ ጨዋታ በፊት ጨርቁን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቦርሹት፤ ክብ እየዞሩ መቦረሽ አቧራውን እዚያው ያመላልሰዋል። ኳሶቹንም በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቋቸው። ከዱላው ጫፍ የተጣበቀባቸው የጠመኔ ብናኝ ሁለት ኳሶች ሲነካኩ ይይዛቸውና በትክክል የታለመው ኳስ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀራል።