አንዱ ቆለጥ ሳይወርድ ሲቀር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከመሐል ሜዳ ነው። ወንዱ ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል። ሳጥበው አንድ ቆለጥ ብቻ ነው የሚዳሰሰኝ፤ የግራው በኩል ባዶ ነው። አማቴ «ብርዱ ነው፣ ሲያድግ ይወርዳል፣ የአባቱም እንዲሁ ነበር» ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ አንድ ቆለጥ ብቻ ያለው አውራ በግ እንደነበራቸውና በጎቹን ሁሉ እንዳስወለደ ነገረችኝ። ባለቤቴን ስጠይቀው ዝም ይለኛል። ልጄ አድጎ መውለድ ይችላል? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቁ። እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ቤተሰብ ያፍርበታል፤ ልጁ ራሱ አድጎ፣ ሚስት አግብቶ መውለድ ሲያቅተው ነው ብዙዎቹ እኛ ዘንድ የሚመጡት። ስለዚህ ዋናውን ላስቀድም። ልጁን ሐኪም ይየው፣ ከዚህ ወር አይለፍ። በዚህ ዕድሜ ያልወረደ ቆለጥ በራሱ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

አማትዎ ግን ብርድ ያሉት ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። ቆለጥን ወደ ላይ የሚስብ ቀጭን ጡንቻ አለ። ብርድ ሲነካው ወይም ልጁ ሲደነግጥ ይኮማተርና ቆለጡን ወደ ብሽሽት ይጎትተዋል። ትንንሽ ልጆች ላይ ደግሞ ይሄ ጡንቻ ኃይለኛ ነው። እንግዲህ የመንዝ ጠዋት እንዴት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ በዚያ ብርድ ልብሱን አውልቀው በቀዘቀዘ እጅ ከዳሰሱት ደህናውም ቆለጥ ሽቅብ ይሸሻል።

እና እንዲህ ያድርጉ። ቤቱ ሞቅ ሲል፣ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርገው ልጁን ያስገቡት። እየተጫወተ ትንሽ ይቆይ። ቁጢጥ ብሎ ሲቀመጥ መጀመሪያ ሳይነኩት የቆለጡን ከረጢት ይዩት፣ ብዙ ጊዜ ማየት ብቻ ይበቃል። ከዚያ እጅዎን አሙቀው፣ ጣትዎን ከብሽሽቱ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ከረጢቱ ያውርዱት። ቆለጡ ወርዶ እዚያው ከቆየ ያው የብርዱ ጉዳይ ነው፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፣ ግን እንዲህ ያለው አንዳንዴ ቆይቶ ወደ ላይ ወጥቶ ስለሚቀር ጉርምስና እስኪደርስ በየዓመቱ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሲለቁት ወዲያው ተመልሶ ከወጣ፣ ወይም ከነጭራሹ ካልተዳሰሰ ግን ያልወረደ ቆለጥ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ይሄ ለእርስዎ እንዲያውቁት እንጂ ምርመራውን አይተካም። አደራ፣ ወጌሻ ጋ ወስደው እንዳያሳሹት። ማሸት አያወርደውም፣ ይጎዳዋል እንጂ።

ለምን ላይ ቀረ? ቆለጥ የሚፈጠረው ከረጢቱ ውስጥ አይደለም። ሆድ ውስጥ፣ ኩላሊት አጠገብ ነው። እንዲያውም በፅንሱ የመጀመሪያ ሳምንታት የወንዱ ቆለጥና የሴቷ የእንቁላል ማምረቻ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አይለዩም። ወንድ የሚሆነው ፅንስ ላይ ከአባቱ የወሰደው ዋይ ክሮሞዞም (ወንድነትን የሚወስነው የዘር ቅንጣት) ሲያዝዘው ቆለጥ ይሆናል፤ ከዚያ በሆርሞን እየተመራ ቁልቁል ይጓዝና ወደ 7ኛው ወር አካባቢ በብሽሽት በኩል አልፎ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ጉዞው እርግዝናው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ወንዶች ላይ ችግሩ በጣም ይበዛል፣ ከ100 እስከ 30ዎቹ ሊያጋጥማቸው ይችላል። ጊዜያቸውን ጨርሰው ከተወለዱት ግን ከ100 ወደ 3ቱ ነው። አብዛኞቹ በተወለዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ይወርድላቸዋል። 6 ወር ካለፈ በኋላ መውረዱ እምብዛም ነው። ለዚህ ነው ቀዶ ሕክምናው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ቢሠራ የሚመረጠው።

ውጭ የሚንጠለጠልበት ምክንያት ሙቀት ነው። የወንድ ዘር በደንብ እንዲመረት ከሆድ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ሆድ ውስጥ ወይም ብሽሽት ላይ የቀረ ቆለጥ ዘር የሚሠሩትን ሴሎች ቀስ በቀስ ያጣል፣ ይሄም ገና በሕፃንነት ይጀምራል። የሁሉም ፍጡር ነገር እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ጓሳ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮ ዕድሜውን በሙሉ ቆለጡ ኩላሊቱ አጠገብ ነው፤ ዘመዱ ዝሆንም እንደዚያው። የቤትዎ አውራ ዶሮ ሰውነቱ 41 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ ቆለጡም ሆዱ ውስጥ ነው፣ ግን ጫጩት ያስፈለፍላል። የእነሱ አካል ለዚያ ተሠርቷል። የእኛና የበግ አልተሠራም።

ወደ በጉ እንምጣ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆለጥ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ዘር ማምረት፣ ሌላው የወንድነት ሆርሞን ማመንጨት። ሙቀት የሚጎዳው በዋናነት የመጀመሪያውን ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቆለጦቹ ሆዱ ውስጥ የቀሩበት በግ በጎቹን ይከተላል፣ ይዋጋል፣ ይሰርራል፤ ግልገል ግን የለም። የጎረቤትዎ በግ ያስወለደው በወረደው ቆለጥ ነው። በግ ማርባት የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ለዘር ባያስቀምጠው ይሻለዋል፣ ምክንያቱም በዘር ይተላለፋል። ሙክት ያድርገው ቢባልም ቀላል አይደለም፤ ላይ የተደበቀውን ቆለጥ መቀጥቀጥ አይቻልማ። ሰውም ላይ ነገሩ ያው ነው። ልጁ ድምፁ ይጎረንናል፣ ጢም ያበቅላል፣ ማንም ምንም አይጠረጥርም። ጢም ማብቀሉ ግን ስለ ዘሩ ምንም አይነግረንም።

የእርስዎ ልጅ አንዱ ወርዷል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ብቻ ያልወረደላቸው ወንዶች አብዛኞቹ ልጅ ይወልዳሉ። ሁለቱም ላይ ከቀሩ ግን ዕድሉ በግልጽ ይቀንሳል። ታዲያ አንዱ ከበቃው ለምን እንቀደዋለን ይሉኝ ይሆናል። ዘሩ ብቻ ስላልሆነ ነው። ያልወረደ ቆለጥ አድጎ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል፤ የቆለጥ ካንሰር በራሱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ባይሆንም ጉርምስና ሳይደርስ የተሠራለት ልጅ አደጋው ይቀንስለታል፣ ቆለጡም እጅ የሚደርስበት ቦታ ስለሚሆን እብጠት ቢኖር ቶሎ ይታወቃል። በዚያ ላይ ቡአ አብሮት የመኖሩ ነገር የተለመደ ነው።

የባለቤትዎ ዝምታ አሳስቦኛል። «የአባቱም እንዲሁ ነበር» የተባለው እውነት ከሆነና አሁንም ካልወረደለት፣ ልጅ ስለወለደ ብቻ ደህና ነኝ ብሎ መተው የለበትም። ልጁን ይዞ ሲመጣ እሱም ይታይ። ክፍሉ ውስጥ ከሐኪሙ ጋር ብቻቸውን ይሁኑ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ፤ ወንዶች እንዲያ ሲሆን ይናገራሉ።

ቀዶ ሕክምናው አያስፈራዎት። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፣ ብሽሽቱ ላይ ትንሽ ይቀደዳል፣ ቆለጡ ተፈልጎ ይወርድና ከረጢቱ ውስጥ ይሰፋል። ብዙ ልጆች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። ቆለጡ በእጅ ካልተገኘ በሆድ በኩል በካሜራ ይፈለጋል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ የለም። አልትራሳውንድ አስነሥቼ ልምጣ ብለው ገንዘብዎን አያውጡ፣ ብዙ ጊዜ ውሳኔውን አይለውጠውም። መርፌ ተወግቶ ይወርዳል የሚሉም አሉ፤ ውጤቱ ደካማ ስለሆነ አልመክርም።

መሐል ሜዳ ካሳዩት በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ያጽፉ። እዚያ ካልተሠራ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አለ። ያለ ጊዜው ተወልዶ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩት።

እስከዚያው አንድ ነገር ይጠብቁ። ልጁ ድንገት ብሽሽቱን ወይም ሆዱን አሞት ካለቀሰ፣ ካስመለሰው፣ ብሽሽቱ ላይ የማይመለስ እብጠት ከወጣ፣ ቆለጡ ተጠምዝዞ ወይም አንጀት ቡአው ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ሳይሉ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ይድረሱ።