የጭነት ባቡር ስንት ሰዓት ያልፋል? እና ሌሎች የባቡር ፎቶ ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር ምን እንደነካችሁ አላውቅም፣ ለፎቶ አምዳችን ከመጣው ጥያቄ ግማሹ ስለ ባቡር ነው። እኔ ደግሞ ባቡር ሲባል ነፍሴ ነው፣ ስለዚህ የሰርግና የልደት መብራት ምናምን የጠየቃችሁኝ ሰዎች ለሚቀጥለው እትም አሳድሬያችኋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳማ ወደ አዋሽ እንነዳለን። የጭነት ባቡሩን ከመኪና ውስጥ እናየዋለን ግን ቆመን ካሜራ እስክናወጣ እሱ አልፏል፣ ያለኝ ፎቶ ሁሉ የባቡር ጅራት ነው። የሚያልፍበትን ሰዓት ከየት ነው ማወቅ የሚቻለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሰው ባቡር ፕሮግራም ይወጣል እንጂ ለጭነት ባቡር ላንተና ለኔ የሚለጠፍ ሰዓት የለም። ጭነቱ ሲሞላና መስመሩ ሲለቀቅለት ይነሳል፣ በቃ። ስለዚህ ማባረሩን ተወውና ቦታ መርጠህ እሱ ይምጣልህ። በመኪና ከባቡር ጋር መሽቀዳደም ደግሞ ለፎቶም አይሆን ለነፍስም አይሆን፣ የመኪናው ሾፌር መንገዱን ትቶ ሀዲዱን እያየ ነው የሚነዳው ማለት ነዋ!

መጠበቅ ስል ግን እንዲሁ አፍ ከፍቶ መቀመጥ አይደለም፣ ምልክት አለው። በአዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ ሀዲዱ ድርብ ነው፣ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ይሆናል፣ ነጠላ ላይ ደግሞ ሁለት ባቡር የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። እና መተሐራ ወይ አዋሽ ጣቢያ ላይ አንድ የጭነት ባቡር ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ቆሞ ካየህ፣ ከድሬዳዋ በኩል ሌላ እየመጣለት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከጣቢያው አለፍ ብለህ በምሥራቅ በኩል ቦታህን ያዝ፣ መጀመሪያ የሚመጣውን ታነሳለህ፣ እሱ ካለፈ በኋላ የቆመው ሲነሳ እሱንም ታነሳለህ፣ በአንድ ወንበር ሁለት ባቡር። ሌላው ምልክት እረኛ ነው። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ እንደ ድሮው ናፍጣ ባቡር ከሩቅ አይጮህም፣ ድምፁን የምትሰማው አጠገብህ ደርሶ ነው። ከብትና ግመል የሚጠብቁት ልጆች ግን ያውቁታል፣ ከብቶቻቸውን ከሀዲዱ አካባቢ ማራቅ ሲጀምሩ ካሜራህን አብራ። ሰላም በል፣ ውሃ አካፍል፣ ፎቷቸውን ሳትጠይቅ አታንሳ።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሀገራችን ከምታስወጣው የምታስገባው ስለሚበልጥ ሞልቶ የሚሄደው ከጅቡቲ ወደ መሀል ሀገር የሚመጣው ባቡር ነው፣ ኮንቴይነር ማዳበሪያ ስንዴ ጭኖ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብና አዲስ አበባ አጠገብ ወዳለው እንዶዴ ጣቢያ። ይሄ ባቡር ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፣ ምዕራብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ያለችበት ነው። ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ 12 ሰዓት ግድም ብርሃኑ የሎኮሞቲቩን ፊት በቀጥታ ይመታዋል፣ ከዚያ በላይ ምን ትፈልጋለህ። ጠዋት ግን ያው ባቡር ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ስለሚመጣ ፊቱ ይጠቁርብሃል፣ ጠዋትን ወደ ጅቡቲ ለሚወርደው ተውለት። በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ከሀዲዱ በሰሜን በኩል ቁም፣ በታህሳስ ፊት ለፊት ስለምትመታው የፈለግከው ጎን ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ ከዛፍ ስር ገብተህ ምሳህን ብላ።

ቦታ ምረጥልኝ ካልከኝ በሰቃ ሀይቅ አካባቢ እልሃለሁ፣ መተሐራ ልትገባ ስትል። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከፊትህ፣ ውሃው ከጎን፣ ፈንታሌ ተራራ ከኋላ። በሰቃ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንም ሀዲዱንም ሲያስቸግር የኖረ ሀይቅ ነው፣ ስለዚህ አምና የቆምክበት ቦታ ዘንድሮ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ራስ ምታት የኤሌክትሪክ ምሰሶው ነው። ነጠላ ሀዲድ ላይ ምሰሶው ባብዛኛው ባንድ ጎን ስለሚተከል ከምሰሶው ተቃራኒ ቁም፣ አለበለዚያ የሎኮሞቲቩ አፍንጫ ላይ ብረት ተተክሎ ነው የሚወጣልህ። ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን የሰከንድ ክፍልፋይ) በተመለከተ፣ መስመሩ ላይ የጭነት ባቡር የዲዛይን ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያ ማለት በሰከንድ 22 ሜትር አካባቢ። በ1/100 ሹተር ብታነሳው ባቡሩ 22 ሳንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል፣ ጭጋግ ነው የሚሆንብህ፣ በ1/500 ግን 4 ሳንቲ ሜትር ከምናምን ብቻ ነው፣ ከዚያ አትውረድ። እየተሻገረ እያለ ካሜራውን አብረህ እያዞርክ ጀርባው እንዲደበዝዝ ከፈለግህ ደግሞ ሆን ብለህ በ1/60 ሞክር፣ ከአስር አንዱ ይወጣልሃል፣ ያቺ አንዷ ግን ታስደስታለች።

ከአዲስ አበባ ለምትነሱ፣ የፍጥነት መንገዱ ላይ ለፎቶ ብሎ መቆም የለም፣ በአሮጌው መንገድ በአቃቂ በዱከም በቢሾፍቱ ሂዱ፣ አሮጌው የባቡር መስመርም የሄደው በዚያው በኩል ነው። እና እባካችሁ ሀዲዱ ላይ አትቁሙ። ከላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ነው፣ የብረት ትራይፖድ ወይ የሰልፊ ዘንግ ወደ ላይ መቀሰር ወይ ፉርጎ ላይ መውጣት የሚባል ነገር እንዳይታሰብ። ባቡሩ ደግሞ እስከ 3,500 ቶን እንዲጎትት የተሰራ ነው፣ ነጂው ቢያያችሁም ቶሎ ማቆም አይችልም። የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ፣ ሳይመሽም ግቡ።

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ፎቶ ላነሳ ስል ጥበቃው ካሜራዬን ሊቀማኝ ነበር። ክልክል ነው እንዴ? ባቡር እኮ ከቆመ ስንት ዓመቱ! (ስሟን ያልጻፈች አንባቢ)

መልስ፦ ባቡሩ ቢቆምም ግቢው ባለቤት አለው እህቴ፣ ውስጡ ንብረት አለ፣ ከአሮጌው መስመር ብዙ ብረት ስለተሰረቀ ጥበቃው ካሜራ የያዘ ሰው ሲያይ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አድርገሽ ግቢ፣ ሰላምታ ስጪ፣ ኃላፊው ቢሮ የት ነው በይ፣ መታወቂያሽን አሳዪ፣ ለምን እንደምታነሺ በአጭሩ ንገሪያቸው። ከመስሪያ ቤት ወይ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ካለሽ ነገሩ ሁሉ ይቀላል። እምቢ ካሉሽ ከውጭ ከመንገድ ላይ ፊቱን አንስተሽ በሰላም ሂጂ። ድልድይ፣ ኬላ፣ ወታደር ያለበት ቦታ ግን ሳይጠየቅ አይነካም፣ የአዋሽን ድልድይ ጨምሮ። ድሮን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ማንሳት ደግሞ ራስን ለእስር ማዘጋጀት ነው።

ከተፈቀደልሽ ግን ሁሉም ሰው የሚያነሳውን የፊት ገጽታ አንስተሽ አትውጪ። ድሬዳዋ ከሆነ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አስተውይ፣ በፈረንሳይኛ የጅቡቲ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ይላል። ኩባንያው ድሮ የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ነበር የሚባለው፣ ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻ ከወጣች በኋላ ነው ስሙ የተቀየረው፣ ስለዚህ አሮጌ ፎቶ እጅሽ ከገባ ጽሑፉን አይተሽ ከየትኛው ዘመን እንደሆነ መገመት ትችያለሽ። ሀዲዱ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች መውጣቱ ስለከበደ ከስር ቀረ፣ ከተማዋም በሱ ምክንያት ተወለደች። አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ለገሃር ያለው ህንጻ እ.ኤ.አ. የ1929 ነው፣ እሱን ገና ያላነሳችሁ ፍጠኑ፣ ህንጻው የትም አይሄድም ግን ዙሪያው እየተገነባ ስለሆነ ዛሬ የምታገኙትን አንግል ነገ ፎቅ ይሸፍነዋል። አዋሽ ሰባት ካለፋችሁ ደግሞ ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ ቡፌ ዳዋሽ ቡና ጠጡ፣ ድሮ ባቡር በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አዋሽ ላይ ነበር የሚያድረው፣ በረንዳው ላይ የከሰዓት ብርሃን ሲገባ ፎቶው ራሱን ያነሳል።

ጥያቄ፦ አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው የሰራው፣ አሁን እኔ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይሰለቻል። ቅዳሜና እሁድ ባቡር የሚያይበትና እኔም ፎቶ የማነሳበት ቦታ ይኖራል? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ይኖራል ወይ? አንቺ እኮ ባቡር መሀል ነው የምትኖሪው! ቢ ኤንድ ኦ የሚባለው የባልቲሞርና ኦሃዮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1827 የተቋቋመ ነው፣ በአሜሪካ ሰውና ጭነት ለሁሉ በማጓጓዝ የመጀመሪያው፣ ዛሬ ሲኤስኤክስ የጭነት ባቡር የሚነዳበት መስመር የሱ ነው፣ በሰፈርሽም ያልፋል። እዛው ሲልቨር ስፕሪንግ የ1945ቱ ትንሽ ጣቢያ ታድሶ ቆሟል፣ ለመጀመሪያ ቀን እሱ ይበቃል።

ከዚያ ወደ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ውሰጃቸው፣ በመኪና አንድ ሰዓት ግድም ነው። ከባልቲሞር የሚመጣውና ከዋሽንግተን የሚመጣው መስመር የሚገናኙበት ሹካ መሀል ላይ የቆመ፣ ግንብ ያለው የ1870ዎቹ የቀይ ጡብ ጣቢያ ነው፣ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ባልድዊን ይባላል። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ያኔ ነው ግንቡ የሚበራው። ውስጡ ለህዝብ ክፍት አይደለም፣ ግን ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ የሰው ባቡር መንገደኞች ከሚጠብቁበት ፕላትፎርም ኮንቴይነሩንም የድንጋይ ከሰሉንም ማየት ይቻላል። ከዚያ ከቀጠላችሁ ብራንስዊክ አለ፣ ፉርጎ የሚደረደርበት ሰፊ ቦታ፣ ቀጥሎ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ባቡሩ ከዋሻ ወጥቶ ወዲያው ወንዝ ላይ ድልድይ ይገባል። ለእግራቸው ከከበዳቸው ከጣቢያው አጠገብ ተቀምጠው ማየት ይችላሉ። ህጉ ቀላል ነው፣ የህዝብ ቦታ ላይ ሆነሽ ማንሳት ትችያለሽ፣ ከአጥር አልፈሽ የባቡር መሬት መርገጥ ግን ያስቀጣል፣ አባዬ የድሮ ልምዳቸው አታሏቸው ወደ ሀዲዱ እንዳይገቡብሽ እጃቸውን ያዥ!

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ስልክሽ ላይ የድሬዳዋ ወርክሾፕ ፎቶዎችን ጭነሽ ሂጂ። ባቡር እስኪመጣ ባለው ጊዜ አንድ በአንድ አሳያቸው፣ ይሄ ማሽን ምን ይሰራ ነበር፣ ማን ነበር የሚይዘው፣ ይሄ የናፍጣው ነው ወይስ የእንፋሎቱ በያቸው፣ ድምጻቸውን ቅጂ። የአሮጌ ጣቢያ ፎቶ ያላነሳ ሰው የለም፣ ፎቶው ውስጥ ያለው ዕቃ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፣ ካንቺ ቤት ደግሞ አንዱ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። ቤት ውስጥ የድሮ ፎቶ ካላቸው ስካን አድርጊው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውንም ጭምር፣ አብዛኛው ሰው ፊቱን ብቻ ነው የሚያስቀረው።

ጥያቄ፦ ካሜራ የለኝም፣ በስልክ ይሆናል? (ብዙዎቻችሁ)

መልስ፦ ይሆናል። ለጣቢያ ህንጻ ስልክ በቂ ነው፣ ለሚሄድ ባቡር ደግሞ ዙም አታድርጉ፣ ቀረብ ያለና ከሀዲዱ ውጭ የሆነ ቦታ ፈልጉ፣ ባቡሩ የሚደርስበት ቦታ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ፎከሱን ቆልፉ፣ ከዚያ ሲደርስ አከታትላችሁ ተኩሱ። መተሐራና አዋሽ ላይ አቧራ ስላለ ሌንሷን በየጊዜው ጥረጉ፣ በሸሚዝ ሳይሆን በመነጽር ጨርቅ።