ግቢውን መስታወት አታልብሺው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ቤጂንግ ዳር ያለውን የአማቶችሽን የድሮ ቤት ልታድሱ ነው። መሐል ግቢውን በመስታወት ከድኜ ሳሎን ባደርገው፣ ቀይ በርና ፋኖስ ብጨምርበት ባህላዊም ዘመናዊም አይሆንም ወይ ነው ያልሽው። ፋኖሱን እንደፈለግሽ። መስታወቱን ግን ተይው።

ከራሴ ልነሳ። ተማሪ እያለሁ ሁቶንግ (የቤጂንግ የድሮ ጠባብ የሰፈር መንገድ) ውስጥ እንዲህ ያለ ሲሄዩዋን፣ አራት ቤቶች መሐል ግቢ ከበው የሚሠሩበትን የቻይና ቤት፣ ተከራይቼ ነበር። አከራዩ ግቢውን በመስታወት ከድኖታል። መጀመሪያ ቀን ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሐምሌ ሲገባ ግን እንኳን ልቀመጥበት፣ ላቋርጠውም አቃተኝ፤ ምድጃ በይው። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ የወጥ ቤቱ እንፋሎት መስታወቱ ላይ ውሃ እየሆነ ጠብ ጠብ ይላል፣ እኔ በየቦታው ሳፋ እደቅናለሁ። የሲሄዩዋን የውጭ ግድግዳ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል። ብርሃኑም አየሩም ለአራቱም ክፍል የሚገባው ከመሐል ነው፤ እሱን መክደን ቤቱን ማነቅ ነው።

በብርድ ከክፍል ክፍል እንዴት እንሂድ ትይኝ ይሆናል። ቻይናዎቹ ራሳቸው ድሮ መላ አበጅተውለታል። ትልልቆቹ ሲሄዩዋኖች ክፍሎቹን የሚያገናኝ ጣሪያ ያለው በረንዳ ነበራቸው። እሱን አሠሪና ጎኑን በመስታወት ዝጊው።

ዋናው ቤት ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረው ለፌንግ ሹዪ (ለቻይናዎቹ የቤት አቀማመጥ እምነት) ብቻ እንዳይመስልሽ። ታኅሣሥ ላይ የቤጂንግ የቀትር ፀሐይ 27 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው፣ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ዘልቃ ትገባለች። ሰኔ ላይ ወደ 73 ዲግሪ ስለምትወጣ ወጣ ያለው የጣሪያ ጠርዝ ይከለክላታል። (እኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ይሄ ብዙም አያስጨንቀንም፤ እዚያ ግን የማሞቂያ ሂሳብ ነው።) ትልቁን መስታወት እንግዲህ እዚህ ደቡብ ፊት ላይ አድርጊው። ጣሪያውን የተሸከሙት የእንጨት ምሰሶዎቹ ናቸው። ቻይናዎች «ግድግዳው ቢወድቅ ቤቱ አይወድቅም» የሚሉት ለዚህ ነው። ምሰሶዎቹ ጤነኛ ከሆኑ በመሐላቸው ያለውን አንስተሽ መስታወት ማስገባት ትችያለሽ። ምሰሶ እንንቀል የሚል ኮንትራክተር ከመጣ ግን ሻይ አጠጪና አሰናብቺው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው አያየውም። የውጭ ግድግዳው ግርጌ ላይ መዳፍ የምታክል፣ አበባ የተቀረጸባት ቀዳዳ ያላት ጡብ ካገኘሽ እንዳታስደፍኛት። ከጀርባዋ ግድግዳ ውስጥ የገባ ምሰሶ አለ፣ የሚተነፍሰው በሷ ነው። በኋላ ሥራ ይዤ ባየሁት አንድ እድሳት ሠራተኞቹ ሙቀት የሚይዝ ፎም ለጥፈው፣ በላዩ ለስነው፣ አሳምረው ጨረሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀለሙ እያበጠ መጣና ተከፈተ። የምሰሶውን እግር በቁልፌ ወጋ ባደርገው እንደ እርጥብ ዳቦ ገባልኝ። የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ እንጨት መቀጠል ይቻላል፣ የዚያ አገር አናጢዎች ያውቁበታል፤ ግን ጣሪያውን ደግፎ ነው የሚሠራው፣ ወጪው ሌላ ነው።

ቅዳሜ ጊዜ ካላችሁ ጁየር ሁቶንግን እዩት። ዉ ሊያንግዮንግ የሚባለው አርክቴክት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የጀመረው ሰፈር ነው። ሁለትና ሦስት ፎቅ አፓርታማዎች ክፍት ግቢ ከበው ተሠርተዋል። ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ፣ ክርክሩ ያጥርልሻል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የምሰሶዎቹን ግርጌ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።